እማዬ ምድጃውን ያነደደችበት ጠዋት

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ እማዬ «አንበጣዬ» ብላ ስም ላወጣችልህ፣ ዳቦ ቤት ተወልዶ ዳቦ ላልጠገበው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንደምን ነው? ደረትህን ይዞህ የነበረው ጉንፋን ለቀቀህ? ጫማ የላጠው ተረከዝህስ ጠገገ? ብርድ ልብስህን ለብሰህ ትተኛለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ገፈህ ጥለኸው ጥርስህን ስታንቀጫቅጭ ታድራለህ? ምግቡስ ይበቃችኋል? አብረውህ ያሉት ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? በደብዳቤህ ደጋግመህ ያነሳኸው ያ ቀልደኛ ሾፌር፣ መኪናውን እንደ ሚስቱ የሚቆጣው፣ እሱስ እንዴት ነው? እኔ ያንተን ነገር ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። የወታደር ልብስ የለበሰ ባየሁ ቁጥር አንተን ያየህ እየመሰለኝ የማላውቀውን ሰው መንገድ ላይ አስቁሜ እጠይቃለሁ። ወታደሮቹም ለምደውኛል፤ አንዳንዱ ደስ ይበላት ብሎ «አዎ፣ አየሁት፣ ወፍሯል» ይለኛል። ውሸቱን እንደሆነ ባውቅም ያን ቀን ደህና እውላለሁ።

እዚህ ላይ «እኛም ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። የደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነው። ብዕሬ ግን እምቢ አለኝ። ስለዚህ ወንድምዬ፣ ቆመህ እንደሆነ ተቀመጥ። ሾፌሩን ጥራውና አጠገብህ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ብቻህን እንዳታነበው፤ ታላቅህ ነኝ የማዝህ።

እማዬ አርፋለች። ከተማችን ነፃ በወጣች ዋዜማ፣ በጠዋት፣ እዚሁ ዳቦ ቤታችን ውስጥ አረፈች። ያገኛትም የእነዚያ ጥይት አይደለም። የእኛዎቹ መድፍ ነው።

አልቅስ። እስኪወጣልህ አልቅስና ከዚያ ቀጥል፤ ወረቀቱ የትም አይሄድም።

መርዶ በወረቀት እንደማይላክ ጠፍቶኝ አይደለም። አባዬም መጀመሪያ «በአካል እስኪመጣ አይነገረው፣ መሣሪያ የያዘ ልጅ ነው» ብሎ አፌን ዘግቶኝ ነበር። ነገር ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ሁሉ ሰምቶ አንተ ብቻ ሳትሰማ፣ አንድ ቀን አንዱ የሠፈራችን ልጅ መንገድ ላይ አግኝቶህ «ነፍስ ይማር» ቢልህ ምን ልትሆን ነው? ደግሞ ያ ደብዳቤህ መጣ። «እንኳን ነፃ ወጣችሁ! እማዬ ጨፈረች ወይ? ከወታደሮቹ መጀመሪያ ማንን ሳመች?» የምትለውን ደጋግሜ አነበብኩ። ከዚያ በኋላም አንድ ነገር ደረሰ፤ እሱን በቦታው እነግርሃለሁ። እሱ ከሆነ በኋላ አባዬ ራሱ «ጻፊለት፣ ይወቀው» አለኝ። እንግዲህ ከመጀመሪያው፣ እንደሆነው አድርጌ ልንገርህ።

እነዚያ ከተማችንን ይዘው በቆዩበት ጊዜ ሁሉ ደብዳቤ እንዳንላላክ ከልክለውን ነበርና ብዙ ነገር አታውቅም። «እነዚያ» የምለው ስማቸውን አፋችን ላይ ማዋል ስላስጠላን ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላቸው። ገና እንደገቡ ትምህርት ቤቱን ሠፈሩበት። ጣሪያው ላይ መትረየስ ጠመዱ። ከእኛ ዳቦ ቤት እዚያ ድረስ አንተ በልጅነትህ ድንጋይ ወርውረህ መስታወት የሰበርክበት ርቀት ነው። የሒሳብ አስተማሪህን፣ ያንን ጠመኔ ኪሱ ውስጥ የማይጠፋውን ሰውዬ፣ ከክፍል አውጥተው ወሰዱት፤ ይኸው እስካሁን ድምፁ አልተሰማም። ዱቄቱ በእነሱ ፈቃድ ነው የሚገባው፣ ከሚጋገረውም የላይ የላዩን የሚወስዱት እነሱ ናቸው። እማዬ ዳቦውን ስታስረክባቸው ፊታቸውን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር የምትቆመው። በየቤቱ ሹክሹክታው አንድ ነበር፤ የእኛዎቹ መቼ ነው የሚደርሱት? እንደ ዝናብ ነበር የጠበቅናችሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ የምለውን ስትሰማ መምጣታችሁን የጠላሁ እንዳይመስልህ ነው።

ሊደርሱ ሲሉ አውሮፕላን መጣና ወረቀት በተነብን። «የከተማው ነዋሪዎች ሆይ፣ ጠላት ከሠፈረበት ራቁ» ይላል። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና «እኛ መቼ ቀረብናቸው? እነሱ ናቸው ቤታችን ድረስ የቀረቡን። ይህን ወረቀት ለእነሱ ነበር መስጠት» አለ። ሳቅን። ከመሳቅ በቀር ምን እናድርግ? መውጫው መንገድ ሁሉ በኬላ ተዘግቷል፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው የሞከሩትን በሰደፍ መልሰዋቸዋል። ስለዚህ መድፉ ሲጀምር የመንገዳችን ሰው ሁሉ ወደ ጨርቅ መጋዘኑ ምድር ቤት ወረደ።

እዚያ ታች የነበረውን ኑሮ ብታየው፣ ሞት አጠገባችን ባይሆን ኖሮ በሳቅ ትፈርስ ነበር። የምንተኛው በጥቅል ጨርቅ ላይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዋጋውን ጠይቄ የምመለስበትን ከፋይ ጨርቅ ተነጥፎልኝ ተኛሁበት። እትዬ ሳሙናን መቼም አትረሳቸውም፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ከእማዬ ጋር በቀን ሦስቴ ተጣልተው ሦስቴ የሚታረቁትን። እዚያም አላረፉም። እማዬ እንደምታውቃት ግዙፍ ናት፣ እትዬ ሳሙና ደግሞ ክር ናቸው፤ «ቦታዬን ወሰድሽብኝ» ይሏታል፣ «አንቺን መርፌ ላይ ሰክተው ቢያስቀምጡሽ ይበቃሻል» ትላቸዋለች። ሕፃናቱ የሁለቱን ጠብ እንደ ቲያትር ያዩት ነበር። ከላይ መሬቱ ሲናወጥ እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትሳደባለች፤ ልጆቹ ፍንዳታውን ትተው እሷን እንዲሰሙ ብላ ነው። ያኔ አልገባኝም ነበር።

አባዬን ደግሞ አስሙ ተነሳበት። የምድር ቤቱ እርጥበትና የጨርቁ ብናኝ ትንፋሹን አሳጠረው፤ ቁጭ ብሎ እንጂ ጋደም ብሎ መተኛት አልቻለም። ይዘነው የወረድነው ምግብ አለቀ። የኔዋ ትንሿ ልጅ ጣቷን እየጠባች ዝም አለች፣ የሌሎቹ ግን ያለቅሱ ነበር። በዚያ ጠዋት መድፉ ጸጥ አለ። ጸጥታው ሲረዝም እማዬ ተነሳችና ሽርጧን አሰረች። «ሊጡ ከትናንት ወዲያ የተቦካ ነው፣ አሁን ካልተጋገረ ይበላሻል» አለች፤ ልክ ዳቦ ቤቱ በሩ ተከፍቶ ሰው ተሰልፎ እንደሚጠብቃት። አባዬ «እኔ እሄዳለሁ» ብሎ ሊነሳ ሲል ሳሉ አስቀመጠው። እኔም «እማዬ፣ ትንሽ ታገሺ» ብዬ ሽርጧን ያዝኩ። «ልጅ ሲያለቅስ ከምሰማ መድፍ ብሰማ ይሻለኛል» አለችኝ። ፊቴን አይታ መለስ አለችና «ተኳሾቹም ሰው ናቸው እኮ፣ ቁርሳቸውን እየበሉ ይሆናል። አንበጣዬም የትም ይሁን የት ይኸኔ አፉ ሥራ አይፈታም» ብላ ሳቀች። እትዬ ሳሙና ባልዲያቸውን አንስተው «ብቻሽን ከሄድሽ ጨው ትረሺያለሽ» እያሉ ተከተሏት። ሁለቱ እየተነታረኩ ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው። የመጨረሻው ድምፅዋ ያ ነው፤ ስለ ጨው ነበር የሚከራከሩት።

ምድጃውን አነደደች። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ ወፍራም ሆኖ ወጣ። ይህን በኋላ ነው ያወቅነው፤ እኛ የሰማነው የዳቦውን ሽታ ብቻ ነው። ሽታው እስከ ምድር ቤቱ ደረጃ ድረስ መጣ። የሚያለቅሱት ልጆች ዝም አሉ። አንዷ ሴት «ተመስገን» አለች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ድምፅ ላስረዳህ አልሞክርም፤ ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ።

ልጄን ለአባዬ አስይዤ ሮጥኩ። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችንም ከኋላዬ ነበር። ጭስ ማውጫው ወድቆ ግማሹን ጣሪያ ይዞት ወርዷል። እትዬ ሳሙና በሩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «እኔን ተዉኝ፣ እሷን! እሷን!» ይላሉ። እማዬ ሊጥ ማቡኪያው ሥር ነበረች። አየሩ ዱቄት ብቻ ነው፤ ፊቷም እጇም ፀጉሯም ነጭ ሆኗል። ቁስሏ ከጀርባዋ ስለነበር መጀመሪያ አላየሁትም፤ የደነገጠች ነበር የመሰለኝ። ዱቄቱን ከፊቷ ላይ በቀሚሴ እየጠረግኩ «ተነሺ፣ ሰው ይሰበሰባል» እላታለሁ። ጫማ ሰፊው ነው እጄን የያዘኝ።

ምድጃው ግን አልፈረሰም ነበር። ዳቦው በስሎ ነበር፣ ወንድሜ። ጫማ ሰፊው ረጅሙን የዳቦ ማውጫ እንጨት ከፍርስራሹ ውስጥ ጎትቶ አንድ በአንድ አወጣውና በጆንያ አድርጎ ለልጆቹ ወሰደላቸው። በሉት። የኔም ልጅ በላች። ያን ቀን እንዴት አስቻላቸው ብዬ ሁሉንም ጠልቻቸው ነበር። አሁን ሳስበው ባይበሉት ኖሮ ነበር የምትቆጣው። ምግብ ሲጣል ምን ትሆን እንደነበር ታውቃለህ።

በማግስቱ የእኛዎቹ ገቡ። እነዚያ በጨለማ ሾልከው ሄደው ነበርና ተኩስ እንኳ ብዙ አልነበረም። ሰው ከየምድር ቤቱ ወጣ። እልልታው፣ ጩኸቱ፣ መሳሳሙ አይነገርም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ልጅ እግር ወታደር መጥቶ አቀፈኝ። አገጩ ላይ እንዳንተ ገና ያልጠነከረ ጢም አለ። «እትዬ፣ አለቀ እኮ! ነፃ ናችሁ!» አለኝ። ቀሚሴ ላይ ያለውን ዱቄትና ደም አላየውም። ልገፋው ፈልጌ ነበር፤ እጄ ግን አቀፈው። እዚያው ትከሻው ላይ አለቀስኩ፣ እሱም የደስታ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ።

የቀብሯም ነገር እንዲሁ ሆነ። ሳጥኑን ይዘን በጠባቡ መንገድ ወደ መቃብሩ ስንወጣ፣ ሕዝቡ ደግሞ ወታደሮቹን አጅቦ እየዘፈነ ወደ አደባባዩ ይወርዳል። መንገዱ መሐል ተገናኘን። ፊት ያሉት ዝም ሲሉ ኋላ ያሉት አላወቁምና ዘፈኑ ከኋላ ይመጣል። ማን ለማን ይለፍ? ከዚያ አንድ ወታደር የራስ ቁሩን አወለቀና ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ሰውም ለሁለት ተከፈለ። አንዲት ሴት ለወታደሮቹ የያዘችውን አበባ ሳጥኑ ላይ አደረገችው። እኛ ካለፍን በኋላ ዘፈኑ ቀስ እያለ እንደገና ሲነሳ ሰማሁ። አልፈረድኩባቸውም። እማዬ ብትኖር እዚያ መሐል ነበር የምትገኘው፣ ያውም ከፊት።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ባለሥልጣን በድምፅ ማጉያ ንግግር አደረገ፤ እቤታችን ድረስ ይሰማል። ከተማዋ በአነስተኛ ጉዳት ነፃ ወጣች አለ። ትንሿ «አነስተኛ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጥቂት» አልኳት። እሷም «አያቴ እኮ ትልቅ ናት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በር ላይ ስትቆም በሩን የምትሞላ ሴት ነበረች። ሊያጽናኑን የመጡትም «ነፃነት ያለ መስዋዕትነት አይገኝም» ይሉ ነበር፣ ለደግ ብለው። ያኔ አባዬ አንገቱን ቀና አድርጎ «መስዋዕት የሚሆን ሰው እኮ መጀመሪያ ይጠየቃል። እሷን ማን ጠየቃት?» አለ። ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ። ከ«እሺ» እና ከ«ተዪው» በቀር ቃል አይወጣውም። አባዬን አጣሁት ብዬ ነበር።

እንደገና የተናገረው በእትዬ ሳሙና ጉዳይ ነው። ሐኪም ቤት ብረቱን ከእግራቸው አውጥተው ሲልኳቸው ወደ እኛ ቤት አመጣናቸው፤ በእማዬ አልጋ ላይ ተኝተዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ከውጭ ጫጫታ ሰማሁ። የሠፈር ጎረምሶች ናቸው፣ ከፊታቸው ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ቆሟል። «የጠላት አጣቢ እዚህ ተደብቃለች፣ ፀጉሯን ላጭተን በከተማው እናዞራታለን» ይላሉ። እውነት ነው፣ እትዬ ሳሙና የእነዚያን ልብስ አጥበዋል፤ አላጥብም ያለች ምን እንደምትሆን ግን ማን አጣው? በመስኮት ሳያቸው ምድር ቤት ውስጥ አብረውኝ የነበሩ አሉበት። አባዬ በዝግታ ተነስቶ በሩን ከፈተና ደፉ ላይ ቆመ። «ምን አድርጋ ነው?» አለ። «ልብሳቸውን አጥባላቸዋለች» አለው ፀጉር አስተካካዩ። «አዎ፣ አጥባለች። ጢማቸውንስ ማን ላጨው?» አለው አባዬ። «ያ የሻምበላቸው ጢም በጥርሱ የተነጨ ነው? እኔም ዳቦ ጋግሬላቸዋለሁ። እንግዲያው መቀሱን ለእኔ ስጠኝና በአንተ ልጀምር፣ ከዚያ አንተ በእኔ ትቀጥላለህ።» ከመሐል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ያ ሳቅ ነው ያተረፈን። አባዬ ለመተንፈስ በየመሐሉ እያረፈ «ይቺ ሴት ወንድሞቻችሁና እህቶቻችሁ ዳቦ እንዲበሉ ውሃ ተሸክማ ወጥታ ነው እግሯን የቆሰለችው። የበላችሁትን ዳቦ ካስታወሳችሁ ሂዱ፤ ካላስታወሳችሁም ሂዱ» አላቸው። ሄዱ። ወዲያ ማዶ ሠፈር አንዷን ግን እንዳሉት አድርገዋታል፤ በየቤቱ በር ላይ አባዬ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አባዬ ወደ ሰውነቱ ተመለሰ። ጫማ ሰፊውና ሌሎች ጎረቤቶች ተሰብስበው ጭስ ማውጫውን ከየፍርስራሹ በተለቀመ ጡብ ሠሩልን፤ ቀዩም ቢጫውም ተቀላቅሎ እንደ ተጣፈ ሱሪ ነው የሚመስለው። መጋገር ጀመርን። አሁን ወደዚያ «በቦታው እነግርሃለሁ» ወዳልኩህ ደርሻለሁ።

አንድ የመቶ አለቃ ዳቦ ሊገዛ መጣ። ወጣት ነው፣ ካንተ ቢበልጥ በጥቂት ነው። ወደ ባንኮኒው ከመድረሱ በፊት መንገዱ ላይ ቆሞ ጭስ ማውጫውን ሲያይ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞሮ ሲያይ፣ ተመልሶ ጭሱን ሲያይ ቆየ። ገብቶም ዳቦ አልጠየቀም። «አባባ፣ ይህ ቤት ያኔም ዳቦ ቤት ነበር?» አለ። አባዬ «ከአባቴ ጀምሮ» አለው። «ከመግባታችን በፊት በነበረው ጠዋት እዚህ ማን ነበር?» አለ። አባዬ እጁ ላይ ያለውን ዱቄት አራግፎ «ባለቤቴ» ብሎ መለሰ። ልጁ ዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። የተቀመጠ አይመስልም፣ የወደቀ ነው የሚመስለው።

ነገሩን እየተቆራረጠ ነገረን። ከኮረብታው ላይ ሆኖ በመነጽር የሚያየው እሱ ነበር። ነዋሪው ወጥቷል፣ ወረቀትም ተበትኗል፣ ከተማው ውስጥ የቀረው ጠላት ብቻ ነው ተብሎ ተነግሮታል። የያዘው ካርታ ላይም ይህ ሠፈር ሁሉ በቀይ ተከቧል። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ጭስ ሲነሳ አየ። የእነዚያ ወጥ ቤት ነው ብሎ አሰበና አዘዘ። ይህን ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ልንገርህ፣ የዳቦ ማውጫው እንጨት እጄ ላይ ነበር፤ አናቱን ልለው አንስቼው ነበር። አባዬ እንጨቱን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው። ከዚያ ውሃ ቀድቶ ሰጠውና አጠገቡ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። «እኔም መድፍ ላይ ያለ ልጅ አለኝ» አለው። ልጁ ቀና አለ። «ለእሱም እንዳንተው ያለ ካርታ ነው የሚሰጡት?» አለው አባዬ። የመቶ አለቃው «አዎ አባባ። ያው ነው» አለ።

አባዬ ያን ቀን ነው «ጻፊለት» ያለኝ።

እኔ እንደ አባዬ ትልቅ ሰው አይደለሁም። ያ ልጅ ከዚያ ወዲህ ከወታደሮቹ ጋር ዱቄት በመኪና እያመጣ ያራግፍልናል፤ አባዬ ሰላም ይለዋል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን ቂሙ ይለቀኝ ይሆናል። አሁን ግን አለቀቀኝም፤ ላንተ ልዋሽህ አልፈልግም።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። መድፍህን ጥለህ ና አልልህም። እነዚያ የያዟቸው ሌሎች ከተሞች አሉ፤ እዚያም እንደ ሒሳብ አስተማሪህ ያለ ሰው እየተወሰደ ነው፣ እዚያም እንደ ዝናብ የሚጠብቋችሁ አሉ። ሂዱላቸው። ነገር ግን ካርታው «ሰው የለም» ሲልህ አትመነው። ወረቀት መበተን ሰው ማስወጣት አይደለም። ከጣሪያ ሥር ጭስ ሲነሳ ብታይ፣ ከመተኮስህ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቅ። አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ። «እዚያ ሴቶች ምግብ እየሠሩ ይሆናል፣ እኔ አውቃለሁ» በለው። ከየት አወቅክ ቢልህ እናትህን ንገረው። እስከ ዛሬ ስለተኮስከው ደግሞ ሌሊት እየተነሳህ ራስህን እንዳትበላ፤ አንተ እዚህ አልነበርክም፣ እማዬን ያገኛት ያንተ እጅ አይደለም። ይህን አባዬ ሁለት ጊዜ ጻፊው ስላለኝ እደግመዋለሁ፤ ያንተ እጅ አይደለም።

መቃብሯ ከላይኛው አጥር በኩል ነው፣ ነፋሻ ቦታ ነው። ጫማ ሰፊው ሠሌዳ ሠርቶልናል። ፈቃድ ሲሰጡህ መጀመሪያ ወደ ቤት ና፤ ብቻህን እዚያ እንዳትሄድ፣ አብረን ነው የምንሄደው።

እንግዲህ ሰላምታውን ልጻፍልህ። ጫማ ሰፊው ሰላም ብሎሃል፤ ተረከዝህን የላጠውን ጫማ ይዘህለት እንድትመጣ፣ ሠሪውንም እንድትረግምለት ይላል። እትዬ ሳሙና በምርኩዝ መቆም ጀምረዋል። ባይራመዱም ቁጭ ብለው ሊጥ ይጠፈጥፋሉ፤ «ጨው አብዝተዋል» ስላቸው የሚጣሉት ሰው አግኝተው ደስ ይላቸዋል። ወደ ቤታቸው አይመለሱም፣ እኛም አንለቃቸውም። «ልጄን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ» ብለዋል። ትንሿ ቁመቷ ባንኮኒው ላይ ደርሷል፤ ፊደል ስለጀመረች የራሷን ሰላምታ በወረቀቱ ጀርባ ጽፋልሃለች፣ «አ» ወደ ኋላ ዞሯልና አትሳቅባት። አባዬ አስሙ ቀሎታል፤ «ልጄ ሆይ፣ እኔ አልተጣላሁህም፣ በሕይወት ና» በይልኝ ብሏል። ያለው ይህን ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ምድጃው ሄደ።

ከሁሉ በፊት ይጻፍ የነበረው የእማዬ ሰላምታ ነበር። እኔ ስጽፍ ከላዬ ቆማ «መጀመሪያ የእኔን፣ መጀመሪያ የእኔን» ትለኝ ነበር። ዛሬ ማንም አላቻኮለኝም። ምን ብላ ትልክልህ እንደነበር አንተ ታውቀዋለህና ራስህ ሙላው።

የምትወድህ እኅትህ

ዳቦው ካለቀ በኋላ በባንኮኒው ላይ የተጻፈ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን